የፊልም ፓርክና የባሮ ወንዝ

የፊልም ፓርክ ማለት ሰው በስክሪን ያየውን ታሪክ በእግሩ ገብቶ እንዲዞርበት፣ በጀልባና በሠረገላ እንዲያልፍበት ተብሎ የተሠራ የመዝናኛ ሥፍራ ነው። ተራው የመዝናኛ ፓርክ የሚያሽከረክር፣ የሚያወዛውዝና የሚያንሸራትት መጫወቻ ይተክላል፤ ሰውም ይሳፈራል፣ ይጮኻል፣ ስቆ ይወርዳል። የፊልም ፓርክ ግን አስቀድሞ ታሪክ ይመርጣል። ማሽኑ የሚመጣው ያንን ታሪክ ለመሸከም ነው። ታሪኩ ይቀድማል፣ ማሽኑ ይከተላል፤ ይህ ሐሳብ በዚህ ዲስኩር ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል።

ለዚህ መድረክ ጥሪ ሲቀርብ የተነሣው ጥያቄ አንድ የጋምቤላ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ወዳለ ፓርክ ቢሄድ ምን ያገኛል የሚል ነበር። ንግግሩ መጀመሪያ ፓርኮቹ ከየት እንደ መጡ ይናገራል፤ ቀጥሎ ለባሮ ዳር ሰው እጅግ የሚቀርበውን አንድ የወንዝ መጫወቻ ያያል፤ ከዚያ ወደ ማሽኖቹ አሠራርና ወደ መጀመሪያው የጉብኝት ቀን ይሄዳል፤ በመጨረሻ ለዚህ ከተማ፣ ለጋምቤላ፣ የሚቀርቡትን ፓርኮችና ከተማዋ ራሷ ያላትን ታሪክ ይዳስሳል። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ነጥብ እንጀምር። የፊልም ፓርክ የተወለደው ሰው ፊልም ሲሠራ ማየት ከመፈለጉ ነው። ካርል ላምሌ የተባለ የፊልም ነጋዴ በመጋቢት 1915 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሳል ሲቲ የተባለውን የፊልም ከተማ ከፈተ። ጎብኚዎች 25 ሳንቲም እየከፈሉ ይገቡና በመደዳ በተሠሩ መቀመጫዎች ላይ ሆነው ተዋንያን ሲሠሩ ይመለከቱ ነበር። ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለነበር ተመልካቹ ቢያጨበጭብም ቢጮኽም ሥራውን አያበላሽም። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን ጸጥታ ግድ ሆነና ጎብኚው ቀረ። ዩኒቨርሳል ኩባንያ በሩን መልሶ በስፋት የከፈተው በ1964 ነው፤ ያን ጊዜ ጎብኚዎች በተቀጣጠሉ ክፍት መኪናዎች እየተሳፈሩ በቀረጻው ግቢ መዞር ጀመሩ። በመኪናዎቹ መንገድ ላይ ለጎብኚው ብቻ የተሰናዱ ትርኢቶች እየተጨመሩ ሄደው፣ የቀረጻ ግቢው ቀስ በቀስ ወደ ፓርክነት ተለወጠ።

ሁለተኛው መንገድ የዋልት ዲዝኒ ነው። ዲዝኒ በካርቱን ፊልሞቹ የታወቀ ሰው ነበር፤ ዲዝኒላንድን በካሊፎርኒያ አናሃይም ሐምሌ 17 ቀን 1955 ሲከፍት ግን ጎብኚዎችን ወደ ቀረጻ ቦታ አላስገባም። ፊልሙን ራሱን በምድር ላይ ገነባው። ግቢውን በየታሪኩ ከፋፈለ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲታለፍ ሕንፃው፣ ዛፉ፣ ሙዚቃውና የሠራተኛው ልብስ ሳይቀር እንዲለወጥ አደረገ። በ1971 በፍሎሪዳ ከዚህ እጅግ የሚሰፋ ግቢ ተከፈተ፤ ዩኒቨርሳልም በ1990 እዚያው ፍሎሪዳ የራሱን ፓርክ አቋቋመ። ግንኙነቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድም አይደለም። የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች በመጀመሪያ በ1967 የተከፈተ የጀልባ መጫወቻ ነበር፤ በብዙ አገር ሲኒማ ቤቶች የታየው ፊልም የወጣው በ2003 ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ወንዙ። እዚህ ላይ ዲስኩሩ ረዘም ብሎ ይቆያል፤ ጉዳዩ ለዚህ አዳራሽ የሚቀርበው በዚህ በኩል ነውና።

ዲዝኒላንድ በተከፈተበት ቀን ከነበሩት መጫወቻዎች አንዱ ጃንግል ክሩዝ ይባላል። ዛሬም ይሠራል። ጎብኚው ጣራ ባላት ጀልባ ይሳፈራል፤ የጀልባዋ መሪ እያጫወተው በደን መሃል በሚጠማዘዝ ወንዝ ይወስደዋል። ጉማሬ ከውኃው ብቅ ይላል፣ አዞ አፉን ይከፍታል፣ ዝሆን ኩንቢውን አንሥቶ ውኃ ይረጫል። ሐሳቡ የተቀዳው ዲዝኒ ራሱ ካሠራቸው የተፈጥሮ ፊልሞችና በ1951 ከወጣው በአፍሪካ ወንዝ ላይ ከሚካሄደው ዘ አፍሪካን ኩዊን ከተባለ ፊልም ነው። መጫወቻው የእስያን፣ የአፍሪካንና የደቡብ አሜሪካን ወንዞች አንድ ላይ ያገናኛል፤ ዓባይም ከመካከላቸው አለበት። ባሮ ደግሞ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት በማላካል አቅራቢያ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። በሌላ አነጋገር፣ በካሊፎርኒያ በሲሚንቶ ቦይ የተመሰለው ወንዝ በዚህ ከተማ ድልድይ ሥር ከሚያልፈው ውኃ ጋር ዘመድ ነው።

ዲዝኒ በመጀመሪያ ያሰበው እውነተኛ እንስሳት ለማስቀመጥ ነበር። የእንስሳት ባለሙያዎች ግን እንስሳቱ በቀን ይተኛሉ ወይም ይደበቃሉ፣ ጎብኚው ሳያያቸው ያልፋል ብለው መከሩት። በባሮ ዳር ያደገ ሰው ይህ ምክር ትክክል መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልገውም። ጉማሬ በቀን ሐሩር ውኃ ውስጥ ተኝቶ ዓይኑን፣ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ያወጣል፤ ለግጦሽ የሚወጣው ሌሊት ነው። አዞም ሰው እንዲያየው ብሎ በሰዓቱ አይመጣም። ስለዚህ በመጫወቻው ውስጥ ያሉት እንስሳት ሁሉ ሰው ሠራሽ ናቸው፤ የሚንቀሳቀሱትም ጀልባ ባለፈ ቁጥር ያንኑ እንቅስቃሴ ይደግማሉ። ጀልባዋም ብትሆን በነፃነት አትቀዝፍም። ከውኃው ሥር የተዘረጋ ሐዲድ ይመራታል፤ ሐዲዱ እንዳይታይም ውኃው በቀለም እንዲደፈርስ ተደርጓል። በክረምት የሚደፈርሰውን ባሮ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ የወንዙን መልክ ለማምጣት የሚደከመውን ድካም ሲሰማ ሊገርመው ይችላል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው በችኮላ መታለፍ የለበትም። በዚያ ሰው ሠራሽ ወንዝ ዳርቻ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የቆሙት የእንስሳት ምስሎች ብቻ አልነበሩም። ጦር ይዘው ጀልባዋን የሚያጠቁ፣ የሚጨፍሩ፣ የሰው ራስ የሚሸጡ የአገሬው ሰዎች ተብለው የተሠሩ አሻንጉሊቶችም ነበሩ። ብሔር የላቸውም፣ ቋንቋ የላቸውም፣ ሥራ የላቸውም፤ ተግባራቸው ተሳፋሪውን ማስፈራራትና ማሳቅ ብቻ ነበር። ሚሊዮኖች፣ ብዙ ልጆችም ጭምር፣ የወንዝ ዳር ሰው ማለት ይህ ነው ብለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የዲዝኒ ኩባንያ እነዚህን ትዕይንቶች እንደሚቀይር ያስታወቀው በጥር 2021 ነው፤ በዚያው ዓመትም ተነሡ። ስልሳ ስድስት ዓመት ወስዷል።

እውነተኛው የወንዝ ዳር ኑሮ ምን እንደሚመስል እዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። አኙዋው በወንዙ ዳር በቆሎና ማሽላ ያመርታል፣ ዓሣ ያጠምዳል፤ ኑዌሩ ከብቱን ይዞ እንደ ውኃው መሙላትና መጉደል ይንቀሳቀሳል፤ ማጃንጉ በደኑ ውስጥ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል፤ ኦፖውና ኮሞውም የየራሳቸው ቋንቋና አገር አላቸው። ታሪኩ ይቀድማል፣ ማሽኑ ይከተላል ከተባለ፣ ታሪኩ ሐሰት ሲሆን ማሽኑ ሐሰቱን በየቀኑ፣ በየጀልባው ይደግመዋል ማለት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ጎብኚ ማሽኑን ሲያደንቅ፣ ማን እንደ ሰው ተስሎ ማን እንደ ጌጥ እንደ ቆመም ማየት አለበት። ለውጡ በዚህ አንድ መጫወቻ ብቻ አልቆመም። ስፕላሽ ማውንቴን የተባለው የውኃ መጫወቻ ጥቁሮችን ዝቅ አድርጎ በማሳየት በተተቸ የ1946 ፊልም ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በአሜሪካ በ2023 ተዘግቶ በፍሎሪዳ በ2024 ሲከፈት ታሪኩ ቲያና በምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የካርቱን ልዕልት ተተክቷል። የውኃው ቦይ ግን ያው የቀድሞው ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ማሽኖቹ ናቸው። በዓይነት ብዙ ቢሆኑም ጥቂቶቹን ማወቅ የቀሩትን ለመረዳት ይበቃል።

በጣም የሚፈራው ሮለር ኮስተር ነው፤ አሠራሩ ግን እጅግ ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ ሠረገላውን ሞተር የሚጎትተው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፤ በሰንሰለት ከፍታው ጫፍ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚነዳው የመሬት ስበት ነው። ከ30 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ሠረገላ፣ ሰበቃውና ነፋሱ ባይቆጠር፣ ታች ሲደርስ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ቀጣዮቹ ኮረብታዎች ከመጀመሪያው እያነሱ የሚሄዱትም በየመንገዱ ጥቂት ኃይል ስለሚባክን ነው። ሠረገላው ከሐዲዱ የማይወጣው ጎማዎቹ በሦስት በኩል ስለሚይዙት ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱም ከሐዲዱ ሥር። ተገልብጦም ቢሆን አይወድቅም። በአንድ ሐዲድ ላይ ብዙ ሠረገላ ሲኖር ደግሞ መንገዱ በክፍል በክፍል ይመደባል፤ ፊተኛው ክፍሉን ለቆ ካልወጣ የኋለኛውን ፍሬን ይይዘዋል።

ሆድ ባዶ የሚሆንበት ስሜት ከየት ይመጣል? ሠረገላው ቁልቁል ሲወረወር ወንበሩ ተሳፋሪውን መደገፉን ይቀንሳል፤ አካል ክብደቱ የጠፋበት ይመስለዋል። ታች ደርሶ ሽቅብ ሲታጠፍ ደግሞ ወንበሩ በኃይል ይገፋል፤ ክብደት የጨመረ ይመስላል። ከቡሬ ወደ ጋምቤላ በአውቶቡስ ቁልቁለቱን የወረደ ሰው የዚህን ስሜት ታናሽ ወንድም ያውቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ሲሙሌተር ነው። ይህኛው ከቦታው አይሄድም። ተሳፋሪዎች በተዘጋ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው ፊልም ይታያል፤ ክፍሉ በሚረዝሙና በሚያጥሩ እግሮች ላይ ቆሞ ከፊልሙ ጋር ያዘነብላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይነሣል። ብልሃቱ በጆሮ ውስጥ ነው። የውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ባላቸው ሦስት ቱቦዎች የራስን መዞር ይለካል፤ ከአጠገባቸው ያሉ ጥቃቅን ክፍሎች ደግሞ ማዘንበልንና መፍጠንን ያውቃሉ። ክፍሉ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ወንበሩ ጀርባን ይገፋል፤ ዓይን ደግሞ ወደ ፊት የሚሮጥ ምስል ያያል፤ አእምሮም ሁለቱን አስታርቆ «ፈጠንኩ» ይላል። ዲዝኒላንድ በ1987 ስታር ቱርስ የተባለውን የስታር ዋርስ መጫወቻ ሲከፍት የተጠቀመው ለአብራሪዎች ማሠልጠኛ የተፈለሰፈውን ማሽን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአዲስ አበባ ባለው ማሠልጠኛው የዚህ ዓይነት የምስለ በረራ ማሽኖች አሉት፤ ጋምቤላ የሚያርፈውን ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች የሚሠለጥኑበትም አለ። አንዱ ማሽን በአንድ አገር ልጆችን ያስደስታል፣ በሌላ አገር ሰውን በሰላም የሚያሳርፍ አብራሪ ያፈራል። ይህ ለአድናቆት የሚበቃ ነገር ነው።

ዓይንና ጆሮ ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ማቅለሽለሽ ይመጣል። ያን ጊዜ ዓይንን ጨፍኖ ወይም ከስክሪኑ ውጭ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር ተመልክቶ መቆየት ይረዳል።

የቀሩት በአጭሩ ይታለፋሉ። የውኃ መጫወቻዎች ጀልባን በሰንሰለት አውጥተው በሸርተቴ ይለቃሉ፤ በ1996 በሆሊውድ የተከፈተው የጁራሲክ ፓርክ መጫወቻ መጨረሻው ላይ ጀልባውን ከ25 ሜትር ገደማ ይጥለው ነበር፣ ተሳፋሪውም በስብሶ ይወጣ ነበር። በፍሎሪዳ በ2010 የተከፈተው የሃሪ ፖተር መጫወቻ ደግሞ ወንበሮቹን የሰቀለው በመኪና ፋብሪካዎች በሚሠራበት ዓይነት የሮቦት ክንድ ላይ ነው። የሦስት አቅጣጫ ፊልም የሚያሳዩትም መነጽር ይሰጣሉ፤ መነጽሩ ለግራና ለቀኝ ዓይን የተለያየ ምስል ስለሚያሳልፍ አእምሮ ጥልቀት ያያል።

አራተኛው ነጥብ የመጀመሪያው ቀን ነው። ጎብኚው በር ላይ ትኬት ያስቆርጣል፣ ቦርሳው ይፈተሻል፣ ካርታ ያገኛል። ብዙ ጊዜ አንድ ትኬት የግቢውን መጫወቻዎች አብዛኞቹን ያጠቃልላል፤ ምግብና መጠጥ ግን ለብቻው ይከፈላል፣ ውድም ነው። በየመጫወቻው መግቢያ ላይ ሁለት ነገሮች ተጽፈዋል። አንዱ በደቂቃ የተገለጸው የወረፋው ርዝመት ነው። ሌላው የቁመት ልክ ነው፤ አንዳንዱ 102፣ ጠንካራው ደግሞ 122 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ይህ ልክ በልመና አይታለፍም። የደኅንነት ማገጃው የተሠራው ለተወሰነ ቁመት ስለሆነ፣ ያላደገ ልጅ ከሥሩ ሊያመልጥ ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛ፣ አንገቱን ወይም ጀርባውን የታመመ ሰውም ከኃይለኞቹ መጫወቻዎች እንዲርቅ ይነገረዋል።

ወረፋው ራሱ የታሪኩ ክፍል ነው። ሠልፉ በባዶ ሜዳ አይቆምም፤ በዋሻ፣ በቤተ መንግሥት፣ በላቦራቶሪ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ዕቃና ከየማዕዘኑ የሚሰማው ድምፅ ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ታሪኩን ይነግሩታል። ስለዚህ በስልክ ተጠምዶ ወረፋውን የሚያልፍ ሰው ከከፈለበት ነገር ግማሹን ጥሎ ይሄዳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች በር እንደ ተከፈተ ይገባሉ፣ ተፈላጊውን መጫወቻ በጠዋት ይጨርሳሉ፣ ሆዳቸውን ሞልተው ወደ ሮለር ኮስተር አይሄዱም። ኮፍያ፣ መነጽርና ስልክ ከመሳፈር በፊት ይቀመጣሉ። ትልቁ ቁልቁለት ላይ የተሸሸገ ካሜራ የተሳፋሪውን ፊት ያነሣል፤ ፎቶው መውጫው ላይ ይሸጣል። መውጫውም ብዙ ጊዜ በሱቅ በኩል ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ካልተወሰነ ከልጆች ጋር በዚያ ሱቅ ማለፍ ከባድ ነው።

ፍርሃት ለያዘው ሰው ደግሞ፦ መፍራት የተለመደ ነው፣ ወረፋውን ይዞ በመጨረሻ ሳይሳፈሩ መውጣትም የተፈቀደ ነው። በትንሿ ጀልባ መጀመር፣ ከዚያ ሲሙሌተሩን መሞከር፣ ኮስተሩን በመጨረሻ ማየት ይሻላል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ቅርበት ነው። በኢትዮጵያ በፊልም ላይ የተመሠረተ ትልቅ ፓርክ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቦራ የተባለው የመዝናኛ ሥፍራ የልጆች መጫወቻዎች አሉት፤ እንጦጦ ፓርክ በሽቦ ላይ የሚያንሸራትት ዚፕ ላይን አለው። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ደግሞ፣ መጫወቻ ባይበዛበትም፣ የክልሎችን እልፍኝ በውስጡ ይዟል፤ ታሪክን በሚረገጥ ቦታ ማሳየት የሚለውን ሐሳብ በአገር ውስጥ ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው። ትክክለኛው የፊልም ፓርክ የሚገኘው ከቦሌ የአራት ሰዓት ገደማ በረራ በሚወስደው ዱባይና በጎረቤቱ አቡ ዳቢ ነው። አይኤምጂ በነሐሴ 2016፣ ሞሽንጌት በታኅሣሥ 2016 ዱባይ ላይ፣ ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ በሐምሌ 2018 አቡ ዳቢ ላይ ተከፈቱ። ባትማን እዚያ አለ፤ በኢትዮጵያ ብዙ ልጆች በቴሌቪዥን ያደጉባቸው ቶምና ጄሪም አሉ። አይኤምጂና ዋርነር ብራዘርስ ሙሉ በሙሉ ጣራ ሥር ናቸው። የጋምቤላን የመጋቢት ሙቀት የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል፤ በዚያ አገር ሐሩር ከቤት ውጭ ወረፋ መቆም ይከብዳል።

ጋምቤላስ ምን ታሪክ አላት? ሞልቷታል። በ1902 በተፈረመው ውል ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለእንግሊዝና ለሱዳን በባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ዳርቻ ያለው፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማያልፍ የንግድ ቦታ ፈቀዱ። የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየተነሡ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እዚህ ይደርሱ ነበር፤ ከደጋው በበቅሎና በሸክም የወረደው የኢሉባቦር ቡና በእነርሱ ተጭኖ ይሄድ ነበር። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መርከብ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ነጋዴ፣ ጫኝና ቀዛፊ አለ፤ በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክም በየዓመቱ በብዙ ሺህ እየሆነ የሚሰደደው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ አለ። ፊልም ሠሪ ቢፈልገው ይህ ሙሉ ታሪክ ነው፤ በጃንግል ክሩዝ ዳርቻ ስም አልባ ሆነው የቆሙት ሰዎችም እዚህ የየራሳቸው ስም ይኖራቸዋል።

ይህን ታሪክ እዚህ የሚሸከም ማሽን ግን የራሱን ነገር ይጠይቃል። መርከቦቹ ይመጡ የነበረው ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ነው፤ በበጋ ውኃው ይጎድላል፣ አሸዋው ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የጀልባ መጫወቻ ስለዚህ በወንዙ ላይ ሊሆን አይችልም፤ አዞና ጉማሬ ባሉበት ውኃ ላይ ሕፃናትን ማሳፈርም አይገባም። እንደ ካሊፎርኒያው የራሱ ጥልቀት የሌለው ቦይ፣ ውኃውን የሚያዘዋውር ፓምፕ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ለወረፋው ሰፊ ጥላ፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ከመሳፈሩ በፊት እያንዳንዱን ሐዲድ፣ ሰንሰለትና ፍሬን የሚፈትሽ የሠለጠነ ቴክኒሺያን ያስፈልገዋል።